ቀስት ስጫን ቅንፍ ይጽፍብኛል፦ ሼሉ ኪቦርዴን አልሰማ አለ

ጀማሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ቀን ሙሉ የታገልኩትን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። በኤስኤስኤች (ከርቀት ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ መግቢያ) የምገባበት አንድ የሊኑክስ ሰርቨር አለ፤ ኡቡንቱ ነው፣ ቆየት ያለ ቅጂ። ትናንት አዲስ አካውንት ተከፈተልኝ። የይለፍ ቃሉን ይቀበላል፣ ትእዛዝም ይሠራል። ችግሩ ኪቦርዱ ነው።

የቀድሞውን ትእዛዝ ለመመለስ ወደ ላይ ቀስቱን ስጫን ^[[ኤ ይጽፍብኛል። ወደ ግራ ስሄድ ^[[ዲ። ዲሊት ስጫን ^[[3~። ታብ ስጫን የፋይሉን ስም አይሞላልኝም፤ ዝም ብሎ ባዶ ቦታ ይተዋል። በትክክል የሚሠራው ባክስፔስ ብቻ ነው። መስመሩ መሃል ላይ ከተሳሳትኩ እስከ ስህተቱ ድረስ አጥፍቼ እንደገና ነው የምጽፈው።

ላፕቶፔ ላይ ግን ሁሉም ደህና ነው። ያው ተርሚናል፣ ያው ኪቦርድ። ከየት ልጀምር?

ከስልክ ስለምጽፍ ትእዛዞቹንና ፊደሎቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን አስቀምጫቸዋለሁ።

የሌሊት_ፈረቃ

ተርሚናሉ ተበላሽቶ ይሆናል። «ሪሴት» ብለሽ ጻፊና ኤንተር በዪ። እኔ የማይነበብ ፋይል በስህተት ስክሪኑ ላይ ካፈሰስኩ በኋላ ሁልጊዜ የሚያድነኝ እሱ ነው።

ጀማሪዋ

ሞከርኩት። ስክሪኑ ጸዳ፣ ቀስቱ ግን ያው ነው።

ሥሩን_ፈልግ

እህቴ፣ ምንም ነገር ከመቀየርሽ በፊት ቁልፉ መንገድ ላይ የት እንደቀረ እንወቅ። ይህን ሳያውቁ መፍትሔ መለጠፍ ነው ሁለት ቀን የሚያስፈጀው።

አንድ ቁልፍ ስትጫኚ አራት እጅ ያልፋል። መጀመሪያ የራስሽ ኮምፒውተር ቁልፉን ከኪቦርዱ ይቀበልና በመረጥሽው የኪቦርድ አቀማመጥ መሠረት ምን እንደሆነ ይወስናል። ቀጥሎ ተርሚናሉ ወደ ባይት ይለውጠዋል። ከዚያ ሰርቨሩ ላይ፣ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ያለው ቲቲዋይ የሚባለው ክፍል ይረከበዋል። መጨረሻ ላይ ሼሉ፣ ማለትም ትእዛዝሽን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ያነበዋል።

ፊደል ከሆነ ባይቱ ይታወቃል። ቀስት ግን ፊደል አይደለም። ስለዚህ ተርሚናሉ ኢስኬፕ የሚባለውን ባይት (ቁጥሩ 27 ነው) ያስቀድምና ቅንፍና ኤ ያስከትላል። ስክሪንሽ ላይ ያየሽው ^[ ያ 27 ቁጥር ባይት ነው። ሁለተኛው ቅንፍና ኤ ደግሞ የተከተሉት ናቸው። አየሽ፣ ቀስትሽ ሰርቨሩ ድረስ በሰላም ደርሷል። ያጣው ተቀባይ ነው። ስለዚህ ኪቦርድሽንም ተርሚናልሽንም አትንኪ።

ሁለት ነገር ንገሪኝ። ትእዛዝ የምትጽፊበት መስመር ሲጀምር ምን ይላል? «ኢኮ ዶላር ዜሮ» ስትዪስ ምን ይመልሳል? ዶላሩ ምልክቱ ነው፣ ዜሮው ቁጥሩ፤ ሁለቱ ተያይዘው ይጻፋሉ።

ጀማሪዋ

መስመሩ የሚጀምረው በ$ ምልክት ብቻ ነው። ላፕቶፔ ላይ ስሜና የኮምፒውተሩ ስም ይታያል፤ እዚህ የለም። ኢኮው ደግሞ «-ኤስኤች» ብሎ መለሰ።

ሥሩን_ፈልግ

ተገኘ። የተለመደው ሼል ባሽ ውስጥ አይደለሽም፤ ዳሽ በሚባል ሌላ ሼል ውስጥ ነሽ።

ኡቡንቱ ከ2006 ጀምሮ፣ ዴቢያን ደግሞ ከ2011 ጀምሮ «ኤስኤች» ሲባል ዳሽን ነው የሚያስነሱት። ዳሽ ትንሽና ፈጣን ሼል ነው። የተመረጠው ስክሪፕት ለማስኬድ ነው። ሰው ተቀምጦ ለሚጽፍበት አልተዘጋጀም፤ የመስመር ማረሚያ የለውም። ቀስትን፣ ዲሊትን፣ ታብን የሚተረጉምለት ክፍል ስለሌለ እንደመጡ ስክሪኑ ላይ ይቀመጣሉ።

ባክስፔስ ለምን ሠራ? ሼሉን ስለማይጠብቅ ነው። ከርነሉ ውስጥ ያለው ቲቲዋይ ራሱ ጥቂት ማረሚያ ያውቃል። አንድ ፊደል ማጥፋት፣ በኮንትሮልና ደብልዩ አንድ ቃል ማጥፋት፣ በኮንትሮልና ዩ መስመሩን ሙሉ ማጥፋት፣ ይኸው ነው። ወደ ኋላ ሄዶ መሃል ላይ መጻፍ አያውቅም።

አካውንትሽ የተከፈተው «ዩዘርአድ» በሚባለው ትእዛዝ ይመስለኛል። እሱ ሼል ካልተነገረው ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ኤስኤችን ይሰጣል። «አድዩዘር» የሚባለው ግን ባሽን ይሰጣል። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ በከፈተልሽ ሰው አትፍረጂ።

ለአሁኑ «ባሽ» ብለሽ ኤንተር በዪና ቀስቱን ሞክሪ። ከሠራ ለዘለቄታው «ሲኤችኤስኤች ሰረዝ ኤስ ስላሽ ቢን ስላሽ ባሽ» ነው። ሲ፣ ኤች፣ ኤስ፣ ኤች፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ሰረዝ ኤስ፣ ባዶ ቦታ፣ የባሽ አድራሻ። የይለፍ ቃልሽን ይጠይቃል። ከዚያ ወጥተሽ ግቢ።

ጀማሪዋ

ሠራ! ቀስቱም ታቡም ዲሊቱም። ሁለት ቀን የፈጀብኝ ነገር በአንድ መስመር አለቀ። በጣም ነው የማመሰግነው።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ላፕቶፔ ላይ ኮንትሮልን ይዤ ግራ ቀስት ስጫን አንድ ቃል ሙሉ ይዘላል። እዚህ ;5ዲ ይጽፋል። ረዥም አድራሻ ሳርም በጣም ያስቸግራል።

ሺ_ትእዛዝ

እሱ ቀላል ነው። ቤትሽ ፎልደር ውስጥ ያለውን የባሽአርሲ ፋይል (ባሽ ሲነሳ የሚያነበውን) ክፈቺና «ባይንድ» የሚሉ መስመሮችን ጨምሪ። እግረ መንገድሽን «ኤስቲቲዋይ ኢሬዝ» የሚለውንም ጨምሪ፤ ባክስፔስ አንድ ቀን እንዳያስቸግርሽ። እኔ ሁሉም ሰርቨር ላይ እንደዚያ ነው የማደርገው።

ጥንቁቅ

ይቅርታ ሺ_ትእዛዝ፣ ሁለተኛው ምክርህ ላይ አልስማማም። ደህና የሚሠራ ባክስፔስ ባይነካ ይሻላል። ደግሞም የባሽአርሲ ፋይል የሚነበበው ሰው ተቀምጦ ሲጽፍ ብቻ አይደለም። በኤስኤስኤች አንድ ትእዛዝ ልከህ ስትመለስ፣ ፋይል በአርሲንክ ስታሻግር፣ ባሽ ያንን ፋይል ያነባል። ያኔ ከበስተጀርባው ተርሚናል የለም። ኤስቲቲዋይ የሚያስተካክለው ተርሚናል ሲያጣ ስህተት ይጽፋል። እኔ ሌሊት የሚሠራ የመጠባበቂያ ቅጂ ስክሪፕት በየቀኑ የስህተት ኢሜይል ሲልክልኝ ከርሞ ምክንያቱ ይኸው አንድ መስመር ነበር።

የግድ ከሆነም መጀመሪያ ሼሉ ሰው ያለበት መሆኑን ፈትሽ። «ዶላር ሰረዝ» የሚባለው ተለዋዋጭ ውስጥ ትንሿ አይ ካለች ሰው አለ። ከሌለች ምንም ሳይሠራ ይለፍ። ኡቡንቱ የሚሰጠው የባሽአርሲ ፋይል ይህንን ፍተሻ መጀመሪያው ላይ ይዟል፤ ያንን መስመር አታጥፉት፣ የራሳችሁንም ከእሱ በታች ጻፉ።

ሺ_ትእዛዝ

እውነትህን ነው። አንዱ ሰርቨሬ ላይ ያንን ስህተት አይቼ ችላ ብዬው ነበር። ዛሬ አስተካክለዋለሁ።

ሥሩን_ፈልግ

ጀማሪዋ፣ አሁንም መጀመሪያ እንጠይቅ፤ ቁልፉ ምን ላከ? ለዚህ ከኮንትሮልና ቪ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ሁለቱን አንድ ላይ ተጭነሽ ልቀቂ። ቀጥሎ የሚመጣው ቁልፍ ሳይተረጎም እንዳለ ይጻፋል። ከዚያ ኮንትሮልና ግራ ቀስትን ተጫኚ። ምን አየሽ?

ሌላ ጥያቄ። ቤትሽ ፎልደር ውስጥ «ነጥብ ኢንፑትአርሲ» የሚባል ፋይል አለ?

ጀማሪዋ

^[[1;5ዲ ይላል።

ፋይሉ አለ፤ በሁለቱ ቀን ፍለጋ ውስጥ እኔው የፈጠርኩት ነው። አንድ መስመር ብቻ አለው። ታብ ሲሞላ ትልቅና ትንሽ ፊደል እንዳይለይ የሚያደርግ።

ሥሩን_ፈልግ

ያ አንድ መስመር ነው ጥፋተኛው፤ የተጻፈበት ነገር ግን ትክክል ነው። ላስረዳሽ።

ባሽ መስመር የሚያርመው ሪድላይን በሚባል ክፍል ነው። ሪድላይን ሲነሳ መጀመሪያ የአንቺን ኢንፑትአርሲ ይፈልጋል። ካገኘው እሱን ያነብና ያበቃል። የጠቅላላ ሲስተሙን፣ ስላሽ ኢቲሲ ውስጥ ያለውን ኢንፑትአርሲ፣ የሚያነበው ያንቺ ከሌለ ብቻ ነው። ኡቡንቱ ኮንትሮልና ቀስትን «አንድ ቃል ዝለል» ብሎ ያሰረው እዚያ የጋራ ፋይል ውስጥ ነው። ያንቺ ባለ አንድ መስመር ፋይል ሲመጣ ያ ሁሉ ተሸፈነ። አዳዲሶቹ የባሽ ቅጂዎች ይህን ቁልፍ ሳይነገራቸውም ያውቁታል፤ ቆየት ባለው ሰርቨርሽ ላይ ግን ፋይሉን ይጠብቃል።

ፋይልሽን አታጥፊው። መጀመሪያው መስመር ላይ «ዶላር ኢንክሉድ» ብለሽ የጋራውን ፋይል አድራሻ ጻፊ። ከእሱ በታች የራስሽ ይቀጥል። አሁን ሁለቱም ይነበባሉ። ወጥቶ መግባት አያስፈልግም። ኮንትሮልን ይዘሽ ኤክስ፣ ከዚያ ኮንትሮልን ይዘሽ አር፤ ሪድላይን ፋይሉን እንደገና ያነባል። «ባይንድ ሰረዝ ፒ» ብትዪ ደግሞ የትኛው ቁልፍ ከየትኛው ሥራ ጋር እንደታሰረ በሙሉ ይዘረዝርልሻል።

እግረ መንገዴን ስለዚያች 5 ልንገርሽ፣ ደስ የምትል ነገር ነች። ተርሚናሉ አብረው የተያዙትን ቁልፎች የሚነግረው በቁጥር ነው። ሺፍት 1፣ አልት 2፣ ኮንትሮል 4 ይይዛሉ፤ ከዚያ አንድ ይጨመራል። ስለዚህ 5 ሲልሽ ኮንትሮል ብቻ ተይዟል ማለት ነው። 2 ቢሆን ሺፍት፣ 6 ቢሆን ሺፍትና ኮንትሮል አብረው። ይህን ካወቅሽ ማንኛውንም ቁልፍ አይተሽ ታነቢዋለሽ።

ጀማሪዋ

ዘለለ! ቃል በቃል እየዘለለ ነው።

ዜድ_ተጠቃሚ

እኔ ዚኤስኤች የሚባለውን ሼል ነው የምጠቀመው። ኢንፑትአርሲ ላይ የጻፍኩት ምንም አልሠራልኝም። ለምንድን ነው?

ጥንቁቅ

ዚኤስኤች ሪድላይንን አይጠቀምም። የራሱ ማረሚያ አለው። ትእዛዙ «ባይንድኪ» ነው፣ የሚጻፈውም ዚኤስኤችአርሲ ፋይል ውስጥ ነው። በኮንትሮልና ቪ ያየኸውን ቅደም ተከተል እዚያ ታስገባለህ።

የሌሊት_ፈረቃ

ከተነሳ አይቀር እኔም ልጠይቅ። አንዳንዴ ተርሚናሌ ድንገት ይደርቃል። ምንም ብጽፍ አይታይም። ግንኙነቱ የተቋረጠ መስሎኝ ዘግቼ እከፍተዋለሁ፤ የጀመርኩት ሥራም አብሮ ይጠፋል።

ሥሩን_ፈልግ

ኮንትሮልና ኤስን ነክተህ ነው። ፋይል ሴቭ ለማድረግ የለመደ እጅ ሳያውቅ ይጫነዋል። ተርሚናል ላይ ግን «መላክ አቁም» ማለት ነው። ኮንትሮልና ኪው ተጫን፣ ይለቀቃል። የጻፍከውም ሳይጠፋ ይመጣል። ጨርሶ እንዳይደገም ከፈለግህ «ኤስቲቲዋይ ሰረዝ አይኤክስኦን» በል። ይህን ባሽአርሲ ውስጥ የምታስገባው ከሆነ ጥንቁቅ ከላይ ያለውን አስታውስ። አንድ ጥቅምም ታገኛለህ፦ ባሽ ውስጥ ኮንትሮልና ኤስ ባለፉት ትእዛዞች ውስጥ ወደ ፊት መፈለጊያ ነው፤ እስካሁን ተሸፍኖብህ ነበር።

አሮጌ_ማሽን

የእኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ቀስቱ ይሠራል፣ ባክስፔስ ግን አያጠፋም፤ ትእዛዝ እየሠራ ግብዓት ሲጠይቀኝ ^ኤች ይጽፋል። የምገናኘው በአንድ የቆየ የተርሚናል ፕሮግራም ነው።

ሥሩን_ፈልግ

ይህ ረጅም ታሪክ ያለው ችግር ነው፤ ባጭሩ ልንገርህ።

አስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች የቁጥር ኮድ) ውስጥ ሁለት ጎረቤት የሚመስሉ ኮዶች አሉ። 8 ቁጥር «አንድ ወደ ኋላ ተመለስ» ነው። 127 ቁጥር «ሰርዝ» ነው። 127 በሁለትዮሽ ሲጻፍ ሰባት 1 ነው። በወረቀት ጥብጣብ ዘመን የተሳሳተ ፊደልን መፋቅ ስለማይቻል ሰባቱንም ቀዳዳ በስተውበት ያልፉ ነበር፤ አንባቢው ማሽን ሰባቱም የተበሱበትን ይዘለዋል። ስያሜው ከዚያ መጣ። በኋላ በ1978 የወጣው ቪቲ100 ተርሚናል ሁለቱንም በተለያየ ቁልፍ ይልክ ነበር። በ1983 የወጣው ቪቲ220 ግን ዛሬ ባክስፔስ በምንለው ቦታ ላይ 127ን አደረገ። ሊኑክስ ይህንን መንገድ ተከተለ። ሌሎች በ8 ቀጠሉ። ያንተ ፕሮግራም 8 ይልካል፣ ሰርቨሩ 127 ይጠብቃል፤ ስለዚህ አይግባቡም።

«ኤስቲቲዋይ ሰረዝ ኤ» ብትል «ኢሬዝ» ከሚለው ቀጥሎ ^? ታያለህ። ያ 127 ነው። ^ኤች ግን 8 ነው። ከሁለቱ አንዱን ቀይር። የምመርጠው ተርሚናሉን ነው። ፕሮግራሙ ቅንብር ውስጥ «ባክስፔስ ምን ይላክ» የሚል አማራጭ ይኖራል፤ 127ን ምረጥ። ሰርቨሩን ብትቀይር አንዱን ሰርቨር ታስተካክላለህ፤ ተርሚናሉን ከቀየርክ ግን የምትገባበት ሁሉ ይስተካከላል።

አሮጌ_ማሽን

ቅንብሩ ውስጥ አገኘሁት፤ 127 ላይ አደረግኩት። ሦስቱም ሰርቨር ላይ ሠራ።

ጀማሪዋ

ይቅርታ፣ ተመልሼ መጣሁ። ይሄኛው ግን በጣም ግራ አጋብቶኛል። «ሰነድ» የሚባል ፋይል ሰርቨሩ ላይ አለ። ለመክፈት «ካት» ብዬ፣ ባዶ ቦታ ትቼ፣ ሰ ስጽፍ ካት የሚለው ቃል ይጠፋል! በምትኩ (አርግ፦ 0) የሚል ነገር ይመጣል። ፋይሎቹን ስዘረዝር ደግሞ ስሙ በአማርኛ አይታይም፤ 341፣ 210፣ 260 እያለ በቁጥር ነው የሚወጣው። ላፕቶፔ ላይ አማርኛ የምጽፈው በአይባስ ነው። ሰርቨሩ ላይም አይባስ ልጫን?

ሥሩን_ፈልግ

አትጫኚ። አይባስ የሚሠራው ጣትሽ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው የተጠናቀቀ ፊደል ነው፣ በባይት ተጽፎ። ያየሽው ግን የምር ስህተት ነው፣ በደንብ ሊተነተንም ይገባዋል።

የኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በባይት መጻፊያ ሥርዓት) ሲጻፍ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ነው። ሰ ማለት 225፣ 136፣ 176 ነው። በስምንትዮሽ ሲጻፍ ያው ያየሽው 341፣ 210፣ 260። ሰርቨሩ ቋንቋው አስኪ ብቻ ነው ብሎ ካመነ እነዚህ የአንድ ፊደል ክፍሎች መሆናቸውን አያውቅም። ሪድላይን በዚያ ሁኔታ ከ127 በላይ የሆነ ባይት ሲመጣ 128 ይቀንስለትና «አልት ተይዞ የተጫነ ቁልፍ» አድርጎ ይወስደዋል። አሁን አስሊው። 225 ሲቀነስ 97፣ ትንሿ ኤ፤ አልትና ኤ ምንም አይሠራም። 136 ሲቀነስ 8 ነው፤ አልትና ባክስፔስ። ይህ ደግሞ «ከኋላ ያለውን ቃል አጥፋ» ነው። ካት የጠፋችው እዚህ ጋ ነው። 176 ሲቀነስ 48፣ ማለትም ቁጥር 0፤ አልትና 0 «ቀጣዩን ይህን ያህል ጊዜ ድገም» የሚል መነሻ ነው። (አርግ፦ 0) ያለሽ ለዚህ ነው።

ከሀ እስከ ሸ ያሉት ፊደሎች ሁሉ፣ ሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ሸ ከነዘሮቻቸው፣ ሁለተኛ ባይታቸው 136 ነው። ስለዚህ ሁሉም ቃል ያጠፋሉ። ከቀ ጀምሮ ያሉት ሌላ ነገር ያደርጋሉ።

ሎካል የሲስተሙ የቋንቋና የፊደል ምርጫ ነው። «ሎካል» ብለሽ ኤንተር በዪ። ምን ይላል?

ጀማሪዋ

መጀመሪያ ሦስት መስመር ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ሎካሉ አልተገኘም የሚል። ቀጥሎ ላንግ ከሚለው ፊት የላፕቶፔ የአማርኛ ሎካል ተጽፏል። እኔ እዚህ ሰርቨር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍኩም።

ጥንቁቅ

አንቺ ባትጽፊውም ኤስኤስኤች ይዞት መጥቷል። ብዙ ጊዜ የላፕቶፑን የቋንቋ ምርጫ ወደ ሰርቨሩ አብሮ ይልካል። ሰርቨሩ ላይ የአማርኛው ሎካል ካልተዘጋጀ ሲፈልገው ያጣዋል፣ ወደ ባዶው ይወድቃል። ባዶው አስኪ ነው።

«ሎካል ሰረዝ ኤ» በዪና ያለውን እይ። ሲ ነጥብ ዩቲኤፍ 8 የሚል በዴቢያንና በኡቡንቱ ይገኛል። ፕሮፋይል ፋይልሽ ውስጥ «ኤክስፖርት ላንግ» ብለሽ እሱን ስጪው። መልእክቶቹ በእንግሊዝኛ ይሆናሉ፣ ፊደሉ ግን ይከበራል። መልእክቱም በአማርኛ እንዲሆን ከፈለግሽ አስተዳዳሪው ሎካሉን ማዘጋጀት አለበት፤ ያ የአንቺ ፈቃድ አይበቃውም።

ሥሩን_ፈልግ

ትክክል። አንድ ልጨምር። ሎካሉ ተስተካክሎም ሪድላይን በሌለበት ቦታ፣ ለምሳሌ «ካት»ን ብቻውን ከፍተሽ ስትጽፊ፣ የሚያርመው ከርነሉ ነው። እሱም ፊደል በስንት ባይት እንደሚጻፍ እንዲያውቅ «አይዩቲኤፍ 8» የሚባል ምልክት አለው። ከሊኑክስ 2.6.4 ጀምሮ ያለ ነው። ከሌለ አንድ ባክስፔስ የፊደሉን ሲሶ ብቻ ያጠፋል፣ ቀሪው ሁለት ባይት ተንጠልጥሎ ይቀራል። «ኤስቲቲዋይ ሰረዝ ኤ» ዝርዝር ውስጥ ስሙን ፈልጊ። ከፊቱ ሰረዝ ካለበት ጠፍቷል ማለት ነው፤ «ኤስቲቲዋይ አይዩቲኤፍ 8» ብለሽ ታበሪዋለሽ።

አሮጌ_ማሽን

ይህ ሁሉ በኤስኤስኤች ነው። ማሽኑ ፊት ተቀምጬ፣ ግራፊክስ በሌለው ጥቁር ስክሪን ላይስ? ፊደላችን ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ሥሩን_ፈልግ

እዚያ ጉዳዩ የፎንት ነው። የከርነሉ ኮንሶል የሚይዘው 256 ወይም 512 ቅርጽ ብቻ ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ግን ለኛ ፊደል የተዘጋጀ ጎሃ የሚባል የኮንሶል ፎንት አላቸው። «ዲፒኬጂ ሰረዝ ሪኮንፊገር ኮንሶል ሰረዝ ሴትአፕ» ብለህ ከዝርዝሩ የኢትዮጵያን ፊደል ምረጥ። ማንበብ ትችላለህ። መጻፍ ግን ሌላ ነው፤ አይባስ እዚያ የለም። ለመጻፍ ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ግባ።

ጀማሪዋ

ላንግን አስተካክዬ ወጥቼ ገባሁ። አይዩቲኤፍ 8 ድሮም በርቶ ነበር። ካት ብዬ፣ ሰ ብዬ፣ ታብ ስጫን ራሱ «ሰነድ» ብሎ ሞላልኝ። ካትም ቦታዋ ላይ ናት።